ይሄ ጫካ በራሱ አልበቀለም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከቺካጎ ደቡብ ምዕራብ፣ ፓሎስ በሚባለው አካባቢ ጫካ ውስጥ በእግሬ እየሄድኩ የሞተር መጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ዛፍ እየቆረጡ ይከምራሉ። ግማሾቹ ጡረታ የወጡ ይመስላሉ። አንደኛው ክምር ላይ እሳት ለቀውበታል። ደሜ ፈላ። ጥብቅ ደን ነው ተብሎ እኛ አንዲት አበባ እንዳንቀጥፍ፣ እንጉዳይ እንዳንለቅም እየተከለከልን እነዚህ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ያነዳሉ?

ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ ጋ ሄጄ ምን እያደረጋችሁ ነው አልኳቸው። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ይህን ጥያቄ ሺህ ጊዜ እንደተጠየቁ ያስታውቃሉ። ከክምሩ አንድ ጭራሮ አንስተው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ላጥ አደረጉልኝ። ከሥሩ ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ባክቶርን ይባላል አሉኝ። በ1800ዎቹ ሰው ከአውሮፓ አምጥቶ ለግቢ አጥር የተከለው ዛፍ ነው። ወፎች ጥቁር ፍሬውን ይበሉና በየቦታው ይዘሩታል። በጸደይ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ በመከር ሌላው ሁሉ ረግፎ እሱ አረንጓዴ ነው። ከሥሩ ያለው መሬት ብርሃን አያገኝም። የአገሩ ዛፍ ኦክ ደግሞ ችግኙ ያለ ብርሃን አያድግም። ስለዚህ ትልልቆቹ ኦኮች ቆመው ይታያሉ እንጂ ተተኪ ልጅ የላቸውም።

ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ቀድሞ የሚነሳ፣ አምሽቶ የሚገባ። እየሰማሁ በልቤ ሳቅሁ፤ እኔም ከባሕር ማዶ የመጣሁ ነኝ። ግን ነገሩ ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጫካ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ አሁን የምጽፈው ከዚያ የመጣ ሐሳብ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን በቺካጎና በዙሪያዋ የምንኖር ሰዎች እነዚህን ጫካዎች ከተማው ሲስፋፋ ሳይደርስባቸው የቀሩ ትርፍራፊ መሬቶች አድርገን ነው የምናያቸው። በመኪና ስናልፍ ግራና ቀኝ ዛፍ ነው፣ ቡናማ ቀለም የተቀባ የእንጨት ታፔላ አለ፣ አለቀ። ግን ትርፍራፊ አይደሉም። ሰው ቁጭ ብሎ አስቦ፣ ተከራክሮ፣ በፍርድ ቤት ተሸንፎ፣ እንደገና ተነስቶ፣ በድምፅ አስወስኖ፣ በግብር የገዛቸው ናቸው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1904 ድዋይት ፐርኪንስ የሚባል አርክቴክትና የንስ የንሰን የሚባል ዴንማርክ የተወለደ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ከሌሎች ጋር ሆነው አንድ ሪፖርት አወጡ። ከተማዋ እየፈነዳች ነው፣ በዙሪያዋ ያለውን ወንዝና ጫካ አሁኑኑ እንግዛ፣ በኋላ አይገኝም አሉ። በዚያን ጊዜ እነዚህ ቦታዎች ከከተማው ርቀው ያሉ የገበሬ መሬቶች ነበሩ። ያኔ ሰው ምን ብሎ እንደሳቀባቸው መገመት አያቅተኝም፤ ዛሬም አንድ ሰው ሩቅ ያለ መሬት ለልጅ ልጆቻችን እንግዛ ቢል የምንለውን እናውቃለን።

ሰዎቹ ግን አንድ ብልሃት ነበራቸው። ሪፖርት ብቻውን ማንንም እንደማያንቀሳቅስ ገብቷቸዋል። ከ1908 ጀምሮ የከተማውን ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ሰብስበው በእግር ወደነዚህ ቦታዎች መውሰድ ጀመሩ። በባቡር ይሄዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ ወንዝ ወንዙን ይሄዳሉ፣ አምሽተው ይመለሳሉ። መዝናኛ ነው በቃ። ግን ቦታውን በእግሩ የረገጠ ሰው ድምፅ ስጥ ሲባል ስለምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ሕጉ መጥቶ መዝናኛው አልተከተለም፤ ሽርሽሩ ነው የቀደመው።

ሕጉም ቢሆን በቀላሉ አልመጣም። መሬቱን በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛና የሚጠብቅ ድርጅት እንዲቋቋም በ1909 የወጣውን ሕግ በ1911 ፍርድ ቤት ጣለው። በ1913 ሌላ ወጣ። በ1914 ቺካጎ ያለችበት የኩክ ካውንቲ (አውራጃ ማለት ነው) ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ተቀበለው። በ1916 ደግሞ የመጀመሪያው መሬት ተገዛ፤ ዲር ግሮቭ ይባላል፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል ፓላታይን አጠገብ ነው። ዛሬ ድርጅቱ፣ ማለትም የካውንቲው የደን ጥበቃ ድርጅት፣ የያዘው መሬት ወደ 70,000 ኤከር ይጠጋል። በሄክታር 28,000 አካባቢ መሆኑ ነው፤ ከካውንቲው መሬት ከአሥር አንዱን ይበልጣል። ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው በሚኖርበት ካውንቲ!

ይህን ስል መሬቱ ከዚያ በፊት ባዶ ነበር ማለቴ አይደለም። ባለቤቶቹ ፖታዋቶሚዎችና ሌሎች ነባር ሕዝቦች ነበሩ፤ በ1833ቱ የቺካጎ ውል ነው ብዙዎቹ ከአካባቢው እንዲለቁ የተደረገው። ኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሮቢንሰን ዉድስ የሚባል ቦታ አለ። አሌክሳንደር ሮቢንሰን የሚባለው የፖታዋቶሚ አለቃ በውል የተሰጠው መሬት ነበር፤ ቤተሰቡ ቤታቸው እስኪቃጠል፣ እስከ 1955 ድረስ እዚያ ኖሯል። መታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። አውሮፕላን ከአናታችሁ እያጓራ ድንጋዩን ስታነቡት ግራ ይገባችኋል።

ሌላው ሰው የማያውቀው ድንጋይ ያለው ፓሎስ ውስጥ፣ ሬድ ጌት ዉድስ ነው። በ1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ሥር የተሠራው የዓለም የመጀመሪያው የኒውክሌር ሪአክተር በ1943 ተፈታቶ ወደዚህ ጫካ መጣና እንደገና ተገጠመ። ጦርነት ስለነበር ገለል ያለ ቦታ ተፈለገ። ሥራው ሲያልቅ እዚያው ቀበሩት። ከምርምሩ የወጣውን ጨረር ያለው ዝቃጭ ደግሞ እዚያው ጫካ ውስጥ ሌላ ቦታ ቀበሩት። አሁን በእግር መንገዱ ስትሄዱ ድንገት ይህ ዝቃጭ የተቀበረበት ገላጣ መስክ ላይ ትደርሳላችሁ፤ መሀሉ ላይ ዝቅ ያለ የግራናይት ድንጋይ አለ። መቆፈር ክልክል ነው፣ ጎብኚን የሚያሰጋ ነገር የለም ይላል። ልጄ ሁለቱን አንድ ላይ አንብቦ "ታዲያ ካላሰጋ ለምን አንቆፍርም?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ መዝናኛው ልመለስ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያለውን የሽርሽር ቦታ ነው። ከሰል፣ ስጋ፣ ሙዚቃ፣ ኳስ፣ ሕፃናት። ደስ ይላል፣ አልተቃወምኩም፤ የራሴን ድርሻ በልቻለሁ። ግን ከጠረጴዛው አሥር ደቂቃ ብቻ ወደ ውስጥ ብትገቡ ሙዚቃው ይጠፋል። እዚያ ጋ ነው ጫካው የሚጀምረው። በዓመት አራት ጊዜ ስጋ ለመጥበስ ሄዶ ያን አሥር ደቂቃ ሳይራመድ አሥር ዓመት የኖረ ሰው አውቃለሁ። እኔው ነኝ።

ላብ ማውጣት ከፈለጋችሁ ስዋሎው ክሊፍ ሂዱ። 125 የድንጋይ ደረጃዎች ገደሉን ይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። ድሮ በክረምት ሰው ቶቦጋን የሚባለውን የበረዶ መንሸራተቻ ተሸክሞ የሚወጣበት መንገድ ነበር። መንሸራተቻዎቹ በ2004 ሲዘጉ ደረጃው ቀረ። ማንም ሳያውጅ ሰው ለስፖርት ይጠቀምበት ጀመር። ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ ሰልፍ ነው። ስልሳኛው ደረጃ ላይ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ሰባ የሚሆናቸው አባት ሰላም ብለውኝ አለፉ፤ ያውም ለሦስተኛ ጊዜ። ከዚያ ወዲህ ሰው እንዳይበዛ በማለዳ ነው የምሄደው።

ብስክሌት ለሚወድ የኖርዝ ብራንች መንገድ አለ፤ ከከተማው ተነስቶ ወንዙን እየተከተለ ግሌንኮ እስካለው የዕፅዋት ማዕከል ድረስ ይወስዳል። ታንኳ ለሚወድ የስኮኪ ሐይቆች አሉ። እነሱም ቢሆኑ በራሳቸው የተገኙ አይደሉም፤ ረግረግ የነበረውን መሬት ከ1933 ጀምሮ ሥራ ያጡ ወጣቶች በመንግሥት ፕሮግራም ተቀጥረው ነው የቆፈሯቸው። በባሲ ዉድስ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ኤልክ የሚባሉትን ትልልቅ አጋዘኖች ታያላችሁ፤ የመንጋው አያቶች በ1925 ከምዕራብ አሜሪካ የመጡ ናቸው። ድንኳን ጥሎ ማደር ለሚፈልግ የካምፕ ቦታዎች ተከፍተዋል፣ ካቢን የሚከራይባቸውም አሉ። ከዚያ ውጪ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ መውጣት ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚነሳው። ድርጅቱ የተቋቋመበት ሕግ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ያዛል። ዕፅዋቱንና እንስሳቱን በተቻለ መጠን በተፈጥሮ ይዞታቸው ጠብቅ ይላል። ይህን የምታደርገው ደግሞ ለሕዝብ ትምህርት፣ ደስታና መዝናኛ ነው ይላል። ሁለቱ አንዳንዴ ይጣላሉ። የተራራ ብስክሌት የሚነዳው መንገድ ይጨመርልኝ ይላል፣ ወፍ የሚያየው ብስክሌት ይቅርብኝ ይላል፣ ፈረሰኛው ከሁለቱም ጋር ቅሬታ አለው።

ከሁሉም የከረረው ግን የዛፉ ጉዳይ ነበር። በጎ ፈቃደኞች ከ1977 ጀምሮ በሰሜኑ በኩል ባክቶርን መቁረጥና ታስቦበት የሚለኮስ እሳት መጠቀም ጀምረው ነበር። ኦክ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ የሳር እሳት ይችላል፤ ነባር ሕዝቦችም መሬቱን በእሳት ይንከባከቡት ነበር። በ1996 ግን በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎች ዛፋችን እየተጨፈጨፈ ነው ብለው ተነሱ፤ ካውንቲው ሥራውን አስቆመው። አንዳንድ ቦታ ላይ እገዳው ዓመታት ፈጅቷል። የተቃወሙትን ሰዎች አልፈርድባቸውም። እኔም ያን ቀን የተናደድኩት እንደነሱ ነው። ማንም ሳይነግርህ ከቤትህ ጀርባ መጋዝ ሲጮህ ብትቆጣ ሰው ነህ። ጥፋቱ ቀድሞ አለማስረዳት ነው።

ግን በነገሩ ላይ አቋም ያዝ ከተባልኩ ከቆራጮቹ ጋር ነኝ። "ተፈጥሮን እንተዋት፣ ራሷን ታውቃለች" የሚለው አባባል ጥሩ ይመስላል። ዙሪያዋን በአስፋልት ለከበብናት፣ እሳቷን ላጠፋንባት፣ የአትክልት ቦታችንን አረም ለላክንባት ጫካ ግን አይሠራም። መተው ማለት ለባክቶርን መስጠት ማለት ነው።

በ2022 ኅዳር ላይ ድምፅ ስንሰጥ ወረቀቱ መጨረሻ አካባቢ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለጫካው በሚከፈለው የንብረት ግብር ላይ ከንብረቱ የግብር ግምት 0.025 በመቶ ይጨመር ወይ የሚል። የኩክ ካውንቲን ግብር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቃሉ ራሱ ያስደነግጣል። እኔ በየዓመቱ የግብር ወረቀት ሲመጣ ለሁለት ቀን ሰው የማላናግር ሰው ነኝ። ግን አዎ አልኩ። ከሦስት ሰው ሁለቱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ አዎ ብለው አለፈ። በ1914 ድምፅ የሰጡት ሰዎች አንድም ጊዜ አይተውኝ አያውቁም፣ ግን ቅዳሜ ጠዋት የምረግጠውን ጭቃ የገዙልኝ እነሱ ናቸው።

ግብር መክፈል ብቻ ይበቃል ብዬ ግን አላምንም። ለዚህ ነው አሁን አልፎ አልፎ ከነዚያ ሴትዮ ጋር የምሄደው። ምዝገባው ቀላል ነው፣ ሙያ አይጠይቅም፣ ጓንትና መጋዝ እዚያው ይሰጣሉ። ትቆርጣላችሁ፣ ጎትታችሁ ትከምራላችሁ። ጉቶው እንደገና እንዳያቆጠቁጥ ሥልጠና ያለው ሰው መድኃኒት ይቀባዋል፤ የተቀባው ካልተቀባው እንዲለይ ሰማያዊ ቀለም አለው። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወገብ ይያዛል፣ አንድ ሰው ብስኩት ያወጣል፣ ወሬ ይጀመራል። በሚቀጥለው ጸደይ ሄዳችሁ ያጸዳችሁትን ቦታ ብታዩ ብርሃን መሬት ደርሷል፣ ስሙን የማላውቀው ነጭ አበባ ወጥቷል። ሴትዮዋ ስሙን ሦስት ጊዜ ነግረውኛል።

አሮጌ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ሰማያዊው ቀለም አይለቅም፤ እኔ ሞክሬ አንድ ደህና ጫማ አጥቻለሁ።