አጥሩ ሦስት ሜትር፣ ፓስወርዱ አድሚን

የአዲስ አበባን አባወራ ስለ ጥበቃ ማስተማር ድፍረት ነው። ግንቡን ሦስት ሜትር ይክበዋል። አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተክላል፤ አልበቃ ሲለው እሾህ ሽቦ ይጠመጥምበታል። ዘበኛ ይቀጥራል፣ ውሻ ያስራል። በመጨረሻ በየማዕዘኑ ካሜራ ያስሰቅላል። ካሜራዎቹን ከራውተሩ ጋር ያገናኝና ፓስወርዱን ከካርቶኑ እንደወጣ ይተወዋል፦ አድሚን፣ አድሚን።

እሰይ! አባወራ ማለት ይህ ነው። በእግሩ የመጣ ሌባ ጠርሙሱ ይቆራርጠው። በኢንተርኔት የመጣውን ግን «ኖር!» ብለን ብድግ እንላለን። የዋይፋዩ ፓስወርድማ የባለቤቱ ስልክ ቁጥር ነው። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ በሩ ላይ «ሰርቪስ ቤት ይከራያል» ከሚለው ሥር በትልቁ ተጽፏል። ከዚህ በላይ ቸርነት ከየት ይመጣል?

እርግጥ ይህ ደግነት የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ፕሮግራም ከ60 ጥቂት የሚበልጡ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን ይዞ የዓለምን ካሜራና ራውተር በየተራ አንኳኳ። ከፈቱለት። የረቀቀ ጥበብ የለውም፤ ሰው ሳያነበው የጣለውን የመመሪያ ወረቀት እሱ አንብቦት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 እነዚያ ምስኪን ካሜራዎች በሚራይ ታዘው፣ የድረ ገጾችን አድራሻ ለኮምፒውተሮች የሚጠቁመውን ዳይን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት በአንድ ላይ ወረሩት። ትዊተርና ኔትፍሊክስ አልከፍት አሉ። አስቡት እንግዲህ፣ ውሻችን እንኳ ጮሆ ከሰፈር አያልፍም፤ ካሜራችን ግን ባሕር ተሻግሮ ይዘምታል!

እንግሊዞች ይህን ቀኑበት መሰለኝ፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነ የፋብሪካ ፓስወርድን በሕግ ከለከሉ።

ፈሪ ደግሞ አይጠፋም። በሞደሙና በቤቱ መሀል ፋየርዎል የሚባል ትንሽ ሳጥን የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። ሳጥኑ ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን ይመልሳል። ካሜራውንና ስማርት ቲቪውን ለብቻ መስመር ያወጣላቸዋል፤ አንዱ ቢጠለፍ እንኳ የቤቱ ላፕቶፕ ጋ እንዳይደርስ። ካሜራው በእኩለ ሌሊት ከየትኛው አገር ጋር እንደሚያወራም ይመዘግባል። ምን ዓይነት ነገረኛ ሳጥን ነው? ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተገትሮ የዋለ ካሜራ ማታ ትንሽ ቢጫወት ምን ይለዋል?

ለነገሩ ከእኛም የሠለጠነ አለ። አንድ ጎረቤታችን ሳጥኑን በዘመድ ከአሜሪካ አስመጣ። የልጁ ጌም አልሠራ ሲል ግን ገብቶ «ሁሉም ይግባ፣ ሁሉም ይውጣ» የሚል ትእዛዝ ሰጠው። ሰላም ሆነ። ፓስወርዱን ግን፣ ይመስገነውና፣ ቀይሮታል፤ እንዳይረሳው ወረቀት ላይ ጽፎ ሳጥኑ አናት ላይ ለጥፎታል። ከዚያ ሳጥኑን ከነወረቀቱ ፎቶ አንስቶ «ከእንግዲህ ቤቴ አይደፈርም» ብሎ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀው። ላይክ አድርጌለታለሁ።