የቅጂ መብት ሕግ የሚፈቅደውንም እናስተምር

አንድ አዲስ ልብ ወለድ ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፒዲኤፍ ተገልብጦ በቴሌግራም ሲዘዋወር፣ ከዚያም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ተተርኮ በዩቲዩብ ሲለቀቅ ማየት የተለመደ ሆኗል። ደራስያን ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከምሬቱ በኋላ የሚከተለው ትምህርት ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ መቅዳት ወንጀል ነው፣ ያስቀጣል፣ ተጠንቀቁ። እኔ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ ለዘማርያንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቅጂ መብትን ሀሁ ማስረዳት የሥራዬ አካል ነው። ከዚህ ሥራ ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ሕጉ የሚከለክለውን እያስተማርን የሚፈቅደውን ትተነዋል። የተፈቀደለትን የማያውቅ ሰው የተከለከለውንም ለይቶ አያከብርም። ወይ ሁሉንም ይፈራል፣ ወይ ሁሉንም ይጥሳል።

የደራስያንና የኪነ ጥበብ ሰዎች መብት ለአገራችን ሕግ እንግዳ አይደለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ ነበረው። ዛሬ የምንመራበት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጣ፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። አዋጁን ማንም ሰው አባዝቶ ቢያድል የሚጠይቀው የለም፤ ሕጎችና ይፋዊ የአስተዳደር ሰነዶች በቅጂ መብት አይጠበቁምና። እኔም ትምህርቱን የምጀምረው ዋና ዋናዎቹን አንቀጾች አባዝቼ በማደል ነው። ወረቀቱን የተቀበለ ሰው ይህ መቅዳት ስለምን እንደተፈቀደ መጠየቁ አይቀርም። ከዚያ ጥያቄ የተሻለ መግቢያ አላገኘሁም።

ቀጥዬ ተሰብሳቢዎቹ ምን እንደሠሩ እጠይቃለሁ፤ ምን እንደቀዱ አልጠይቅም። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ቆይቶ አንዷ በደብተር የጻፈቻቸው ግጥሞች እንዳሏት ትናገራለች፤ አንዱ የሠፈሩን የጥምቀት በዓል በፎቶግራፍ እንዳነሣ ያነሣል፤ አንድ መምህር ለተማሪዎቹ ያዘጋጀው ማስታወሻ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ሲሸጥ እንዳየ ይጨምራል። ግጥሙም ሆነ ማስታወሻው ሥራው ወጥ፣ ማለትም የራስ ፈጠራ፣ ከሆነና በወረቀት፣ በድምፅ መቅጃ ወይም በኮምፒውተር ላይ ከሠፈረ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው። ምዝገባ አያስፈልግም፣ ጥራቱም አይመዘንም። ብዙ ሰው በመጽሐፍ ጀርባ የሚታተመው አይኤስቢኤን የቅጂ መብት ምስክር ወረቀት ይመስለዋል፤ መጽሐፍን ከመጽሐፍ የሚለይ ቁጥር እንጂ መብት የሚሰጥ አይደለም። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ በማስረጃነት ይጠቅማል፤ መብቱ የሚወለደው ግን ከመመዝገቡ በፊት ነው። መምህሩ ሌላም ማወቅ አለበት። ተቀጥሮ በሥራው ምክንያት የሠራው ነገር የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥራውን አባዝቶ የመሸጥና ገቢ የማግኘት መብቱ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የቀጣሪው ነው። ይህን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል፤ ግን የቅጥር ውሉን እንደገና አውጥቶ ያነባል፤ ማንበቡ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሰው የራሱ ሥራ እንዳለው ካወቀ በኋላ ስለ ደራሲው መብት ማስረዳት ይቀላል። ለወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች ደግሞ ለብቻቸው ልነግራቸው የሚገባ ነገር አለ። አዋጁ ለፎቶግራፍ ጥበቃ የሚሰጠው ፎቶው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ከያዘ ነው። ዘመኑም ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። ስሙንና አድራሻውን ሳያኖር ፎቶውን በፌስቡክ የለቀቀ ወጣት ነገ አንድ ንግድ ቤት በማስታወቂያው ላይ ቢጠቀምበት የሚከራከርበት እግር ያጥረዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ድንጋጌ ለዚህ ዘመን ጠባብ ነው፤ ሊሻሻል ይገባል። እስኪሻሻል ድረስ ግን ወጣቶቹ ማወቅ አለባቸው፤ የሚነግራቸው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያነጋግረን የፎቶ ኮፒ ጉዳይ ነው። በየዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሙሉ የትምህርት መጽሐፍ አባዝተው፣ ጠርዘው፣ ከዋናው ዋጋ በብዙ ባነሰ ገንዘብ ይሸጣሉ። ተማሪዎች ፊት ቆሜ ይህ ክልክል ነው ስል የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ ከውጭ የሚመጣው መጽሐፍ ገበያ ላይ የለም፣ ቢገኝም በአባታቸው ደመወዝ አይገዛም። ይህን መልስ በንቀት ማለፍ አይገባም፤ እውነት ነውና። ስለዚህ ወደ አዋጁ እንመለሳለን። አንቀጽ 9 አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ እንዲያባዛ ይፈቅዳል፤ የመጽሐፍን ሙሉ ወይም ዋና ክፍል ግን አይጨምርም። አንቀጽ 12 ደግሞ በቀጥታ የተጻፈው ለእኛ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት አንባቢ ሲጠይቀው የታተመ መጣጥፍን፣ አጭር ሥራን ወይም ከመጽሐፍ አጭር ክፍልን ያለ ደራሲው ፈቃድ አባዝቶ መስጠት ይችላል። ቅጂው ለጥናት ወይም ለግል ምርምር ብቻ የሚውል መሆኑን ቤተ መጻሕፍቱ ማረጋገጥ አለበት፤ ማባዛቱም በተናጠል የሚደረግ እንጂ በጅምላ የሚካሄድ መሆን የለበትም። የጠፋ ወይም የተበላሸ መጽሐፍንም፣ በተመጣጣኝ ሁኔታ ሌላ ቅጂ ማግኘት ካልተቻለ፣ አባዝቶ መተካት ይፈቀዳል።

ይህን ሳስረዳ አዳራሹ ውስጥ የሚሆነውን ብታዩት ደስ ባላችሁ። የተማሪው ጥያቄ ይለወጣል። መቅዳት ይቻላል አይቻልም የሚለው ቀርቶ ምን ያህል፣ ለምን ዓላማ፣ በማን እጅ ወደሚል ይሻገራል። ለነገው ፈተና የሚያስፈልገውን ምዕራፍ ከቤተ መጻሕፍት አስቀድቶ ማንበብና ሙሉ መጽሐፍ ጠርዞ መሸጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በራሱ ይደርስበታል። እግረ መንገዴን በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቁ የዩኒቨርሲቲ መማሪያ መጻሕፍትን እንዴት እንደሚፈልግ አሳየዋለሁ። እነዚህን ደራስያኑ ራሳቸው በፈቃዳቸው ላይ በተጻፈው መሠረት ለመቅዳትና ለማጋራት ከፍተዋቸዋል። የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ በነጻ የሚገኝበትን መንገድ ለተማሪ ማሳየት ከማስፈራራት የበለጠ የደራሲን መብት ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

መምህራን ዘንድ የሰፈነው እምነት ሌላ ነው። ምንጭ እስከተጠቀሰ ድረስ ሁሉም ነገር የሚፈቀድ ይመስላቸዋል። የቴሌግራም ቻናል ባለቤቶችም መጽሐፉን በሙሉ ለጥፈው ከሥሩ መብቱ የደራሲው መሆኑን ይጽፋሉ። ሕጉ በአንቀጽ 11 ለማስተማር ሲባል ከታተመ ሥራ ወስዶ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ መጠኑ ግን ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው ማለፍ የለበትም፣ የደራሲው ስምና ምንጩም መጠቀስ አለባቸው። ምንጭ መጥቀስ ፈቃድ ሲኖር የሚጨመር ግዴታ ነው፤ ፈቃድን አይተካም። የደራሲውን ስም ጽፎ ገበያውን መውሰድ ደራሲውን አያከብረውም።

ስለ ትረካ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መከላከያ ትረካው ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነው የሚል ነው። ይህ ጉዳይ በቁም ነገር ሊያዝ ይገባዋል። ማየት ለተሳናቸውና መጽሐፍ ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የታተሙ ሥራዎችን ተደራሽ ለማድረግ የወጣው የማራካሽ ስምምነት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለኢትዮጵያ ተፈጻሚ ሆኗል። ስምምነቱ ለዚህ ተግባር ብቁ የሆኑ ተቋማት የታተመን መጽሐፍ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በሌላ ተስማሚ መልክ፣ የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠብቁ፣ ለእነዚህ አንባቢዎች እንዲያዘጋጁ መንገድ ይከፍታል። ለትርፍ አይሠራም፣ የሚደርሰውም ለእነሱ ነው። ለማንም ተመልካች ክፍት ሆኖ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚያስገባ ትረካ ግን በዚህ ጥላ ሥር አይገባም። የዓይነ ስውራንን ስም ለዚያ መጠቀም ያሳዝነኛል። ዓይነ ስውራን አንባቢዎቻችን ይህ ስምምነት መኖሩን ሲሰሙ ቀጥለው የሚጠይቁት ቤተ መጻሕፍታችን መቼ እንደሚጀምር ነው። ጥያቄው ለእኔም፣ ለአለቆቼም፣ በጀት ለሚመድበውም አካል ነው።

የመዝሙርና የመንዙማ ሰዎች ጋር ውይይቱ በእርጋታ ይሄዳል። ቃሉ የእግዚአብሔር ነው፣ እንዴት ባለቤት ይኖረዋል የሚል ሰው አይጠፋም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በእርግጥ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ከጥንት የተላለፈ መንዙማም እንዲሁ። ትናንት የተደረሰ ግጥምና ዜማ ግን ደራሲ አለው። የቆየውን ዜማ ዛሬ በስቱዲዮ የቀዳው ዘማሪና ቅጂውን ያወጣው ፕሮዲዩሰርም በቀረጻው ላይ ተዛማጅ መብት፣ ማለትም ከደራሲው መብት ጎን የሚቆም የራሳቸው መብት፣ አላቸው። ዜማውን ማንም ሊያዜመው ይችላል፤ የእነሱን ቀረጻ አባዝቶ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

የዘመን ገደቡንም በምሳሌ አስረዳለሁ። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሥራዎቻቸውን ዛሬ ማንም ሊያሳትማቸው፣ ሊተርካቸው፣ በኮምፒውተር ጽፎ ሊያሰራጫቸው ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ የእሳቸው ሥራዎች እስከ 2046 ዓ.ም. ድረስ የወራሾቻቸው ናቸው። ተራኪ ወጣቶች የኅሩይን ዘመን ሥራዎች እንዲሞክሩ እመክራለሁ። ከዚያ ትውልድ የብዙዎቹ ጽሑፍ አድማጭ አጥቶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ሳይከሳቸው በድምፃቸው ሕይወት ሊዘሩበት ይችላሉ።

ይህን ሥራ ለምን የቤተ መጻሕፍት ሰው ይሥራው? ደራሲውም አንባቢውም የሚያምነን ስለሆነ ነው። መጽሐፉን ከደራሲው የምንገዛውም፣ ለአንባቢው የምናውሰውም እኛ ነን፤ የአንዳቸውን ጥቅም ለሌላው የምንሸጥበት ምክንያት የለንም። ድንበራችንንም ማወቅ አለብን። ጠበቃ አይደለንም፤ አንድ ሰው ክርክር ይዞ ሲመጣ ወደ ባለሥልጣኑ ወይም ወደ ሕግ ባለሙያ መምራት እንጂ ፍርድ መስጠት አይገባንም። ቋንቋም አለ። የነጋሪት ጋዜጣው አማርኛ አማርኛ ተናጋሪውንም ያስቸግራል፤ በአፋን ኦሮሞ ወይም በጉራግኛ ለሚያስቡት የሠፈራችን ነዋሪዎችማ ይብሳል። በየስብሰባው ከተሳታፊዎች መካከል የሚያስተረጉም ሰው እንፈልጋለን። በጎ ፈቃድ ነውና ባልተገኘ ቀን ትምህርቱ ግማሹን ሰው አልፎት ይሄዳል።

አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የአዋጁን አንቀጽ 9፣ 11 እና 12 በቀላል ቋንቋ፣ በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ለየወረዳው ቤተ መጻሕፍት ቢልክ ወጪው ከአንድ ትልቅ ስብሰባ አይበልጥም። ቤተ መጻሕፍት በበኩላችን ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ «መቅዳት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ አንሥተን በምትኩ ምን ያህል ገጽ፣ ለምን ዓላማ መቅዳት እንደሚቻል የሚገልጽ ወረቀት መለጠፍ እንችላለን። ለዚህ የማንም ደብዳቤ አያስፈልግም። ለትምህርቱ ግን አዳራሽ፣ ሰዓትና አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ሐምሌ ላይ ለሚጀምረው የበጀት ዓመት ዕቅድ ስታወጡ፣ የየቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊዎች፣ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የሚሰጥ የቅጂ መብት ትምህርትን ከነአስተርጓሚው አበል በዕቅዱ ውስጥ አስገቡት።