ለተከበሩ የኪራይ ኮርኪኔት፣ እንደ ተጋደሙ ይድረስዎ

አድራሻ፦ ቴል አቪቭ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከብስክሌት መንገዱ መካከል
ጉዳዩ፦ የመኝታዎን ቦታ ይመለከታል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከቀኝ ጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ጎንደር ያለችው አክስቴ ይህን ደብዳቤ ብታነብ ማንን እንደምከስስ ግራ ይገባታልና አስቀድሜ ላስተዋውቅዎ። እርስዎ ሁለት ትንንሽ ጎማ፣ አንድ መሪና አንድ ባትሪ ያለዎት፣ ሰው ቆሞ የሚጋልብዎ፣ በስልክ ተከፍተው በስልክ የሚዘጉ የኤሌክትሪክ ፍጡር ነዎት። ዕብራይስጡ ኮርኪኔት ይልዎታል፤ እኛም ተከትለን እንደዚያው እንልዎታለን። ወደዚህ ከተማ ለኪራይ የመጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከእርስዎ በፊት፣ ከ2011 ጀምሮ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አረንጓዴ የኪራይ ብስክሌቶች ነበሩ። ምስኪኖቹ ከባድና ቀርፋፋ ነበሩ፤ ቢሆንም እንደ ጨዋ በቅሎ በየጣቢያቸው ታስረው ያድሩ ነበር። እርስዎ ገመድ አያውቁም። የመሸብዎት ቦታ ሁሉ ቤትዎ ነው።

የምኖረው በከተማው ደቡብ፣ ጃፋ ነው። የምሠራው ደግሞ በስተሰሜን፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት ባለ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የእንግዳውን ቁርስ የማሰናዳው እኔ ስለሆንኩ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብስክሌቴ ላይ ነኝ። ከሰዓት ማማው ተነሥቼ፣ በቻርልስ ክሎር መናፈሻ በኩል አልፌ፣ የሐሰን ቤክ መስጊድን ሚናሬት በቀኜ እያየሁ ሽቅብ ወደ ሰሜን እነዳለሁ። ሽቅብ አልኩ እንጂ ዳገትስ የለውም። ለጎንደር እግር ይህ ምንጣፍ እንጂ መንገድ አይባልም። ክረምት ሲሆን ባሕሩ አሸዋውን አስፋልቱ ላይ ይተፋዋል፤ ጨዉ ካቴናዬን ይበላዋል። ችዬ ኖሬአለሁ፤ ባሕር አይከሰስም። አራት ማዕዘን ሣጥን ተሸክመው ያለ ደወል ሽው ብለው የሚያልፉኝን ምግብ አድራሾችም አልከስስም። ገሚሶቹ የወንድሜ ልጆች ናቸው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት ነፋስ ነበር። መንገዱ የማን እንደሆነ ማንም እንዳይስት ተብሎ አስፋልቱ ላይ ነጭ ብስክሌት ተሥሏል። እርስዎ ልክ በዚያ ሥዕል ላይ፣ ፍራሽ የተነጠፈልዎት ይመስል፣ ከዳር እስከ ዳር በጎንዎ ተጋድመዋል። ከመሪዎ ሥር አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አየኋት፤ እውነቱን ለመናገር ሩቅ ያለ መርከብ መሰለችኝ። ፍሬን ስይዝ መርከቡ ከፊት ጎማዬ ሥር ነበር።

ተነሣሁ። ብስክሌቴን አነሣሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው እንደ እኔ እንዳይሆን ብዬ እርስዎንም ላነሣ ጎንበስ ስል፣ ጮኹ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ቻርጅ ለሚያደርግዎ ጌታ መጮኽዎ ነውር የለውም። ነገር ግን ነፋሱ ሲጥልዎ አልጮኹም። እኔ ስወጣብዎም አልጮኹም። የጮኹት ላነሣዎ ስል ነው! እስቲ ያስቡት፦ ጨለማ፣ ጥቁር ሰው፣ ጥቁር ጃኬት፣ እጁ ላይ ኡኡ የሚል የሰው ንብረት። ውሻቸውን የሚያናፍሱ አንድ አዛውንት ቆሙ። ውሻውም ቆመ። አዛውንቱ ስልካቸውን አወጡና ይቀርጹኝ ጀመር። እኔ ደግሞ በዚያ ድንጋጤ ከምችለው ዕብራይስጥ ሁሉ የመጣልኝ «የእኔ አይደለም! የእኔ አይደለም!» የሚለው ብቻ ነው። ሌባ ከዚህ የበለጠ ምን ይላል? ቀርቦ ጉልበቴን ያየልኝ ውሻው ነው።

በእርግጥ በሥርዓት ስለ መቆምዎ ማስረጃ አለዎት። ይህን ያወቅሁት ከልጄ ነው። ዓርብ ማታ ከሠራዊቱ ለዕረፍት ሲመጣ ሰንበት ገብቶ አውቶቡስ ቆሟልና በእርስዎ ተሳፍሮ መጣ። ደጃችን ላይ ወረደ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣዎት፣ ገባ። «እንዲህ ሜዳ ላይ ትተኸው?» ስለው፣ «ፎቶ አንሥቼ ዘግቼዋለሁ፣ አባዬ» አለኝ። ፎቶውን አሳየኝ። በአንዲቷ የብረት እግርዎ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ለፓስፖርት የሚነሣ ሰው እንኳ እንደዚያ አይቆምም። ከፎቶው በኋላ ነፋሱ ምን እንደሚሠራ ግን የሚያነሣ የለም። ጠዋት ስወጣ ልጄ እውነቱን ነበር፤ ዘግቶታል፣ የጎረቤታችንን የአሮጊቷን በር።

ስለ ሩጫዎ ሕግ አለ። በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር አይለፍ፣ የእግረኛ መንገድ ላይ አይውጣ ተብሏል። እኔን ግን ሮጠው አልገጩኝም፤ ተኝተው ነው የጣሉኝ። ቀለም የተቀባልዎ ማቆሚያም ከእርስዎ ሃምሳ እርምጃ ርቆ ባዶውን አድሯል።

ስለዚህ ካልቸገረዎት፣ መተኛትዎ የማይቀር ከሆነ በቁመት ይተኙ፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ ይበቃዎታል። ጩኸትዎንም ለሚወድቁበት ሰዓት ያቆዩት። አንሡኝ ብለው ቢጮኹ እኔ የመጀመሪያው ነኝ፤ ያን ጊዜ አዛውንቱም ውሻቸውን አስረው ያግዙኛል።

ከሰላምታ ጋር
ጉልበቱ በፋሻ የታሰረ የጃፋ ባለ ብስክሌት

ግልባጭ፦
ከሥርዎ ለተሣለው ነጭ ብስክሌት
ለባለ ውሻው አዛውንት (ከቪዲዮው ጋር እንዲያያዝ)
ለልጄ