ሆቴል ለሚያድር እንግዳ ምን ልብላችሁ?

እዚህ ደሴ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከአፋር የሚመጡ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን ለአሥር ቀን በእኛ በወላጆች ቤት ሊያሳድር ተስማምተን ነበር። ከዚያ የእኛዎቹ ልጆች ወደ እነሱ ይወርዳሉ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ተጠራንና «ተቀይሯል» ተባልን። እንግዶቹ ሆቴል ያድራሉ፣ በአውቶቡስ ሐይቅን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። ምክንያቱ? «የምግብና የሃይማኖት ልዩነት ስላለ ቤተሰብ እንዳይቸገር።»

ይሄ ደሴ ላይ ተባለ! ሌላ አገር ቢሆን ዝም እል ነበር።

ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለሙስሊም ጎረቤቱ ለብቻ ያሳርዳል። የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ ድስቱ ለብቻ ነው፣ ወጡን የምትሠራውም ሙስሊም ጎረቤት ናት። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ። መመሪያ ወጥቶለት አይደለም፣ ማንም አላሠለጠነንም። እናቴ ጓዳ ዛሬም ለሙስሊም እንግዳ ብቻ የሚወጣ ድስት አለ፤ እኛ ልጆች ነክተነው ከተገኘን ወዮልን! እንግዲህ አንድ ልጅ አሥር ቀን ማብላት ያቅታቸዋል የተባሉት እነዚህ እናቶች ናቸው፣ የሰርግ ቀን ሰፈሩን ሁሉ በየሃይማኖቱ ለይተው አብልተው፣ ሳይቀላቀል ሳይጎድል፣ ማታ ላይ ቡና የሚያፈሉት። የሆቴሉ ኩሽና ከእነሱ ይበልጥ ይጠነቀቃል ያለውስ ማነው?

ደግሞ ስለየትኛው ባዕድ ነው የምናወራው? ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ውረዱ። ሰኞ ገበያው ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በግመልና በእህል ሲከራከር ነው የኖረው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን የሰማውን ይለዋወጣል። የእኛም ሰው ከአቦል እስከ በረካ ሌላ ምን ይሠራል? እነዚህ ልጆች ይሄን የሚተዋወቁት ረከቦት ዙሪያ ነው ወይስ አዳራሽ ውስጥ በማይክ?

የሴቶቹ ልጆች ደህንነት ጉዳይ ልክ ነው፣ እሱን አልክድም። ሁለት ሁለት አድርጎ ማሳደር፣ ቤቶቹንም ቀድሞ ሄዶ ማየት ነው። የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። ሆቴል መያዝ ስለሚቀል ግን ማንም ቤታችንን አላንኳኳም።

ልጄ ለሚመጣው ጓደኛው ጋቢ አስቀምጦለት ነበር፣ «ከዚያ ሙቀት መጥቶ የደሴን ብርድ አይችለውም» ብሎ። አሁን ጋቢውን ምን ላድርገው ይለኛል። ሪሴፕሽን አስቀምጥለት ልበለው?