ሚኒሞ አልይዝ ላሉት ክቡር ሞተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ከደሴ
ጉዳዩ፦ በቆሙበት ሁሉ መጥፋትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከርመዋል ማለት ወግ ነበር። ነገር ግን የእርስዎን ጤና ስንጠይቅ ከርመን የታመመው ኪሳችን ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ።

ሲሄዱ እንከን አይወጣልዎትም። የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ሰው ከነኮተቱ ጭነው ሲወጡ ትንፍሽ አይሉም። ጉዱ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሳነሳ፣ በዝግታ በሚዞሩበት በሚኒሞ ላይ ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣሉ፤ ንዝረቱ በመሪው በኩል እስከ ክንዴ ይደርሳል። የዙር ቆጣሪው መርፌ ከ800 ወደ 500 ይወርዳል፣ እንደ ማንሰራራት ይልና ከዚያ ድርግም! ዳሽቦርዱ ላይ ያሉ ቀይ መብራቶች መርዶ እንደሰማ ጎረቤት በአንዴ ግር ብለው ይወጣሉ።

ደግሞ ቦታ መምረጥዎ! ጭር ያለ መንገድ ላይ ጠፍተው አያውቁም። ፒያሳ ላይ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን ሲያነሳ ይጠፋሉ። ሰኞ ገበያ አጠገብ ከኋላ ባጃጅ ሲያንባርቅ፣ ከፊት በግ ሲያቋርጥ ይጠፋሉ። የነዳጅ ሰልፉንማ ባላነሳው ይሻላል። አንድ መኪና በተንቀሳቀሰ ቁጥር እኔ ሳስነሳ እርስዎ ሲጠፉ፣ ባትሪው እንዳይሞት ብዬ ወርጄ ገፋሁዎት። ቀጂው አይቶኝ «አለቀብህ እንዴ?» አለ። ያለቀው ቤንዚን ሳይሆን ትዕግሥት መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም።

ወሎ ውስጥ ኮፈን ከፍቶ የቆመ ሰው ብቻውን አይቀርም፤ ይህን እወድለታለሁ። አንዱ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል ይላል፣ አንዱ ፓምፑ ነው ይላል። ወደ ገበያ የሚወርዱ አንዲት እናት ደግሞ ቆም ብለው «አላህ ያግራልህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። ካገኘሁት ምክር ሁሉ ገንዘብ ያላስወጣኝ የእሳቸው ብቻ ነው።

ሐኪሞችዎን በተመለከተ፣ አንዱ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «አብሽር፣ ካንዴላ ነው» አለ። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ተቀየረ፤ ጠፉ። ሌላው የቤንዚን ፊልትሮ አለ፤ ተቀየረ፤ ጠፉ። አንዱ በካቻቢቴ ሚኒሞዎን ወደ ላይ ሰቀለና «ተሠራ» ብሎ እጁን ጠረገ። እውነትም ለጥቂት ጊዜ አልጠፉም። ቆመው በ1,300 ዙር እየጮሁ ቤንዚኔን ሲጨልጡ ዋሉ እንጂ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ኮምፒውተር ያለው ነው። ማሽኑን ሰካ። ማሽኑም ሳያወላውል ፒ0171 ብሎ አወጣ፤ በቀላል አማርኛ፣ ከሚገባው ቤንዚን አንጻር አየሩ በዝቷል ማለት ነው። ባለሙያው አነበበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ኮዱን አጠፋና ሒሳብ ተቀበለ። ቢጫዋ የሞተር መብራት ስለጠፋች እርስዎም ዳኑ ማለት ነው። እሷም ብዙ አልቆየች፣ ተመልሳ በራች።

«ከፍታው ነው» ያሉም ነበሩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቤንዚንና አየር በካርቡራተር ለሚደባልቁ ለአያትዎ ዘመን ሞተሮች ይህ ሰበብ ይሆናል፣ ቤንዚኑ ይበዛባቸዋል። እርስዎ ግን ድብልቁን ኮምፒውተር የሚያስተካክልልዎ ዘመናይ ነዎት። ደግሞስ ኮምቦልቻ ወርደን አየሩ ሲወፍር መች ተሻለዎት?

አሁን ቀልዱን ላቁም። ሐረጎን ቁልቁል ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ከማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድ ሾፌር ቤንዚን የቆጠበ ይመስለዋል። እንደ እርስዎ ያለ ሞተር ያኔ ከጠፋ መሪው ይከብዳል። የፍሬኑ አጋዥ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ ስለሆነ ፔዳሉም ጥቂት ከተረገጠ በኋላ ይደርቃል፤ ገደሉ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። ማርሽ ገብቶ ሲወርዱ ግን ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ያኔ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋል። ቤንዚን የሚባክነውስ ፎሌ ላይ ነው!

ገመናዎን ያወጡት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። መጀመሪያ ሬዲዮ አስጠፉ። ቀጥለው አስተያየት ሰጪዎቹን ሁሉ ዝም አሰኙና ጆሯቸውን ወደ እርስዎ አዘነበሉ። «ይስባል» አሉ። ያኔ ሲስ የምትል ቀጭን ድምፅ እኔም ሰማሁ። የሞተሩን የዘይት ትነት መልሶ ወደ አየር መግቢያው የሚወስደውን የጎማ ቱቦ በሁለት ጣታቸው ጨመቁ፤ እርስዎ ጸጥ። ለቀቁ፤ እርስዎ እንቅጥቅጥ። ደግመው ጨመቁ፤ ጸጥ። ቱቦው ወጥቶ ሲታይ በዘይት ልፍስፍስ ብሎ፣ እጥፋቱ ላይ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ ነበረችው። ጎንበስ ብሎ ከሥር ካላዩት የማትታይ፣ ቱቦው ሲታጠፍ ብቻ አፏን የምትከፍት።

ስለዚህ አመልዎ ገባኝ። ቆመው ሲሠሩ የአየር መግቢያው ክዳን ለመዘጋት ምንም አይቀረው፤ የሚገባው አየር በሴንሰሩ ተቆጥሮ ነው። በስንጥቋ የሚሾልከው ያልተቆጠረ አየር ያኔ ድብልቁን ያበላሸዋል። ስረግጥዎት ግን አየሩ በብዛት ስለሚገባ ያቺ ቅንጣት ከቁጥር አትገባም። ለዚህ ነው ዳገት ላይ ጀግና የሚሆኑት።

ሽማግሌው ክዳኑ ዙሪያ የተጋገረውንም ጥቁር ጥላሸት አጸዱ፣ የተሰቀለውን ሚኒሞ ወደ ቦታው መለሱ፣ ኮምፒውተሩም አዲሱን ሚኒሞ እንዲለምድ ጊዜ ሰጡት። የቱቦው ዋጋ ካንዴላዎቹን አያህልም።

በመሆኑም ወደፊት የሚያፈስ ቱቦ ካለዎት በጊዜው ጮክ ብለው እንዲናገሩ፣ መጥፋት ግድ ከሆነም ከነዳጅ ሰልፍ ውጭ እንዲያደርጉት በትሕትና አሳስባለሁ።

ከማይነጻጸር አክብሮት ጋር፣
ገፊዎ

አባሪ፦ የተሰነጠቀ ቱቦ 1
ግልባጭ፦ «አብሽር፣ ካንዴላ ነው» ላሉት መካኒክ፤ አሮጌዎቹ ካንዴላዎች ደህና ስለነበሩ፣ ለሌላ ደንበኛ አዲስ ተብለው ካልተሸጡ፣ እንዲመልሱልኝ።