ታዲያ ለምን ተማርከው?

ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ያለው። «ምን ነበር የተመረቅከው?» ኬሚስትሪ። «አሁንስ ምን ትሠራለህ?» ሶፍትዌር እፈትሻለሁ። ከዚያ ከንፈር መምጠጥ ይጀመራል፣ ልክ ሰው እንደሞተብኝ። «ታዲያ ለምን ተማርከው?»

እኔ እንጃ! በ18 ዓመቴ የሞላሁት ፎርም ዕድሜ ልኬን ሊያስረኝ ነው እንዴ? አንጌላ ሜርክል በ1986 እ.ኤ.አ. በኳንተም ኬሚስትሪ ዶክትሬቷን ይዛ፣ በኋላ ጀርመንን 16 ዓመት መርታለች። እሷን «ዲግሪሽን አባከንሽው» ያላት ያለ አይመስለኝም።

ላብራቶሪ ውስጥ ቲትሬሽን (አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ቀለሙ ሲቀየር መጠኑን መለካት) ስንሠራ አንዲት ጠብታ ካለፈች ቀለሙ ይደምቅና ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል፤ ዛሬ ኮድ ውስጥ ስህተት ሳድን አንድ ነገር ብቻ እየቀየርኩ፣ እየመዘገብኩ፣ ሳልቸኩል የምሄደው እዚያ በለመድኩት ትዕግስት ነው። ግን ይህን ለማን ታስረዳለህ? (እናቴ ራሷ እስካሁን መድኃኒት የምቀምም ነው የሚመስላት።)

ከሁሉም የሚያበግነኝ ደግሞ ያ «ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የሚሉት ነገር። ባለፈው ቃለ መጠይቅ ላይ «መስክህ አይዛመድም» ብሎ የመለሰኝ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ በኋላ ስሰማ፣ የተመረቀው በጂኦግራፊ ነው!