ያቋረጡትን መልሰው ሲያመርቱትስ?
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ምርታቸው ሊቋረጥ የተቃረበ የሌጎ (ተገጣጣሚ የፕላስቲክ መጫወቻ) ስብስቦችን ገዝቶ ማስቀመጥ አስተማማኝ ትርፍ እንደሚያስገኝ መግለጹ በከፊል ትክክል ቢሆንም፣ ኩባንያው ራሱ ያቋረጠውን ሞዴል መልሶ ሊያወጣ እንደሚችል ሳይጠቅስ ማለፉ ግን ትልቅ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በ300 ዶላር ገደማ የወጣውና ከ5,900 በላይ ክፍሎች ያሉት የሕንዱ ታጅ ማሃል ሕንፃ ሞዴል ከመደብሮች ከጠፋ በኋላ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር፤ በ2017 በአዲስ ቁጥርና በ370 ዶላር ተመልሶ ሲመጣ፣ ካርቶኑን እንደታሸገ ለዓመታት ያቆየው ሰው ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። የካርቶኑ ጥግ ትንሽ እንኳ ከተጨፈለቀ ገዢው ዋጋ ይቀንሳል፤ የመሸጫ ድረ ገጹ ኮሚሽንና የዚህን ያህል ግዙፍ ዕቃ መላኪያም የሚከፈለው ከዚያው ትርፍ ላይ ነው። እኔ ብሆን ሁለት ገዝቼ አንዱን ከልጆቼ ጋር እገጣጥመው ነበር።